ስለ አራሶች የመንፈስ ጭንቀትና በመድኃኒቱ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

በአገራችን ልማድ አራስ ብቻዋን አትተውም። ገንፎው ተገንፍቶ፣ ቅቤው ተነጥሮ፣ እናትዋና እኅቶችዋ ካጠገብዋ ሳይለዩ፣ ጎረቤትም እየተፈራረቀ ሲጠይቃት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልፋሉ። ሶማሌዎች ጎረቤቶቻችንም ለአራስ አርባ ቀን ይጠብቁላታል። ከአዲስ አበባ፣ ከድሬዳዋ ወይም ከወሎ ተነሥታ ለሥራ ወደ ጅቡቲ የመጣች ሴት ግን በካርቲየ 7 ቢስ በአንዲት ክፍል ውስጥ ስትወልድ ይህ ሁሉ ሊጐድልባት ይችላል። እናትዋ በስልክ እንጂ በአካል አትገኝም፤ ባልዋም ለእንጀራ ሲል ውሎ የሚያድር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለችው አራስ ዝም ስትል፣ ምግብ ስትተው፣ ሕፃንዋን አይታ ደስ ሳይላት ሲቀር፣ ልብ ብሎ የሚመለከታት ሰው ይታጣል። የሚመለከታት ሲገኝም አንዱ «ዓይነ ጥላ ነው» ይላል፤ አንዱ «ስንፍና ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከከረጢቱ ኪኒን አውጥቶ «ይህን ዋጪ፣ እንቅልፍ ይሰጥሻል» ይላል። ይህ ጽሑፍ ይበልጡን የሚመለከተው ይህን ሦስተኛውን ሰው ነው።

አስቀድሞ ሕመሙን ከድካም መለየት ያስፈልጋል። ብዙዎች ሴቶች በወለዱ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ፤ ቶሎ ይቈጣሉ፤ ቶሎም ይስቃሉ። ይህ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ በዕረፍትና በሰው አይዞሽ ባይነት በ2 ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ከ2 ሳምንት አልፎ ኀዘኑ ቢበረታ፣ ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ እንኳ እንቅልፍ እምቢ ቢላት፣ ራስዋን እንደ ክፉ እናት ብትቈጥር፣ ከዚያም አልፋ ሞትን ብትመኝ፣ ይህ የመንፈስ ጭንቀት የሚባለው፣ ዛሬ ሐኪሞቻችን ድባቴ የሚሉት ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከሚወልዱ 100 ሴቶች 13 ያህሉ ከወሊድ በኋላ በአእምሮ ሕመም፣ በተለይም በመንፈስ ጭንቀት ይጠቃሉ፤ በታዳጊ አገሮች ቍጥሩ ወደ 20 ይጠጋል። እንግዲህ ሕመሙ ብርቅም አይደለም፣ የሚያሳፍርም አይደለም።

ከዚህ የተለየ ሌላ ብርቱ ሕመም አለ። አራሲቱ በወለደች በጥቂት ቀን ውስጥ እንቅልፍ አጥታ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ እየሰማች፣ ስለ ሕፃንዋም እንግዳ ነገር አምና የምትናገር የሆነ እንደ ሆነ፣ ይህ ከ1000 ወላዶች 1 ወይም 2 ሴቶችን የሚያገኝ የአእምሮ መናወጥ ነው። እስከ ነገ የሚቈይ ነገር አይደለም። እናቲቱም ሕፃኑም ብቻቸውን ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባቸው።

በኢትዮጵያ ስለዚህ ጉዳይ ያለው ዕውቀት ከውጭ አገር ብቻ የተቀዳ አይደለም። ከ2005 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በጅቡቲ እንደሚሠራበት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በቡታጅራ አካባቢ ከ1000 የሚበልጡ እርጉዞች ተመዝግበው፣ እነሱና የወለዱዋቸው ሕፃናት ለረጅም ጊዜ ሲመረመሩ ኖረዋል። በ2011 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ጭንቀቱ ከእርግዝና እስከ ወሊድ በኋላ የቀጠለባቸው እናቶች ሕፃናት በተቅማጥ የመታመማቸው ነገር ከሌሎቹ እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። የእናት ሐሳብ በሕፃኑ አንጀት ይታያል ቢባል ተረት የሚመስለው ሰው ይህን ያስተውል። የደከመ መንፈስ ያላት እናት ውሃ ለማፍላት፣ ጡት በሰዓቱ ለመስጠት፣ ሕፃኑን ወደ ክትባት ለመውሰድ አቅም ታጣለች።

ስለዚህ የመድኃኒትን አደጋ በምንመዝንበት ጊዜ በሌላው የሚዛን ወገን ያለ ሕክምና የመተውን አደጋ ማስቀመጥ ይገባል። ይህን የሚረሱ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኛው «አራስ መድኃኒት አትውሰድ፣ ወተቱ ይበላሻል» ብሎ ፈጽሞ የሚከለክል ነው። ሁለተኛው ያገኘውን ሁሉ የሚያቀብል ነው። በእኛ አስተያየት ሁለቱም እኩል ይጐዳሉ፤ የመጀመሪያው ግን አስተዋይ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይከተለዋል።

ቀለል ላለው ጭንቀት የመጀመሪያው ሕክምና ኪኒን አይደለም። በፓኪስታን በራዋልፒንዲ ገጠር በመንፈስ ጭንቀት የተያዙ 903 እናቶች ተመርጠው፣ ለግማሾቹ ተራ የሰፈር ጤና ሠራተኞች ከነበሩ ሴቶች የሰለጠኑት ቤታቸው ድረስ እየሄዱ በሥርዓት እንዲያነጋግሩዋቸው ተደርጎ ነበር። በ2008 የታተመው ውጤት፣ ሕፃናቱ 6 ወር ሲሞላቸው ከተነጋገሩት እናቶች 23 በመቶው ብቻ፣ ከቀሩት ግን 53 በመቶው ገና በሕመሙ ውስጥ እንደ ነበሩ ያስረዳል። እነዚያ ሠራተኞች ሐኪሞች አልነበሩም፤ ያወጡትም ገንዘብ ጥቂት ነበር። የአራስ ጥየቃ ልማዳችን በምን ምክንያት እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይቸግራል። ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መታወክም ከወሊድ በኋላ ይህንኑ ሕመም መስለው ስለሚመጡ፣ ሐኪሙ ኪኒን ከማዘዙ በፊት የደም ምርመራ ቢያዝ አንባቢ እንደ ማጓተት አይቍጠረው።

ሕመሙ ሲበረታ ግን መድኃኒት ያስፈልጋል። እናቶች ሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ወተታቸው ነው። እውነቱ ይህ ነው፤ የመንፈስ ጭንቀት መድኃኒቶች ሁሉ ወደ ወተት ያልፋሉ፤ መጠናቸው ግን እጅግ የተለያየ ነው። ሐኪሞች ሕፃኑ በወተት የሚያገኘውን መጠን ከእናቱ መጠን ጋር በየክብደታቸው ያነጻጽሩና ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ለጤናማ ሕፃን ብዙውን ጊዜ አያሠጋም ይላሉ። ሰርትራሊንና ፓሮክሰቲን ከዚህ በጣም ያነሱ ናቸው፤ በሕፃኑ ደም ውስጥ ብዙ ጊዜ ተፈልገው እንኳ አይገኙም። ስለዚህ ለምታጠባ እናት አዲስ መድኃኒት ሲጀመር ሰርትራሊን ይቀድማል። ፍሎክሰቲን ግን በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቈይ በሕፃኑ ዘንድ ሊጠራቀም ይችላል። ቢሆንም እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ በፍሎክሰቲን ድና ከነበረ፣ ለወተቱ ሲባል መለወጡ ሕመሙን ሊመልስባት ስለሚችል ሐኪሙ ያንኑ ሊያስቀጥል ይችላል። ያለ ቀኑ የተወለደ ወይም የታመመ ሕፃን መድኃኒትን ለማስወገድ ኩላሊቱና ጉበቱ ስላልጠኑ ለብቻው ሊታሰብለት ይገባል። ሕፃኑ ያለ ወትሮው ቢተኛ፣ መጥባት ቢሰንፍ፣ ያለ ማቋረጥ ቢነጫነጭ ወይም ክብደት ባይጨምር፣ ይህን ለሐኪም መንገር ነው እንጂ ጡት ማስጣል አይገባም። በጅቡቲ ሙቀት በጡጦ የተቀመጠ ወተት በምን ፍጥነት እንደሚበላሽ የሚያውቅ ሰው፣ ጡት ማስጣል ራሱ ምን ያህል አደጋ እንደ ሆነ ይገባዋል።

አሁን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በተለይ ወደሚመለከተው ነገር እንለፍ። በጉበታችን ውስጥ መድኃኒትን እየፈረካከሱ የሚያስወግዱ ኢንዛይም የሚባሉ ነገሮች አሉ። ከነሱም አንዱ፣ በሳይንስ ስሙ ሲፕ 2 ዲ 6 የሚባለው፣ አሚትሪፕቲሊንን፣ ፓሮክሰቲንንና ሌሎች ብዙ መድኃኒቶችን ይሠራባቸዋል። ኢትዮጵያዊቷ የመድኃኒት ሳይንስ ሊቅ እሌኒ አክሊሉ ከስዊድን ባልደረቦችዋ ጋር በ1996 ባሳተመችው ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህን ኢንዛይም የሚያዝዘውን ጂን ከወላጆቻቸው በተደጋገመ ቍጥር የወረሱ ሆነው ተገኝተዋል። በስዊድን ሕዝብ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ከ100 ከ1 ወይም ከ2 አይበልጥም። የዚህም ትርጉም፣ ብዙዎቻችን አንዳንዱን መድኃኒት የመድኃኒቱ ፋብሪካ ካሰበው በላይ በፍጥነት እናጠፋዋለን ማለት ነው። እንዲህ ያለችው እናት አሚትሪፕቲሊንን በተለመደው መጠን ብትውጥ መድኃኒቱ በደምዋ ውስጥ ሳይበቃ ይቀርና «አልሠራልኝም» ትላለች። ከዚያም ራስዋ እጥፍ አድርጋ ትውጣለች። ሰውነትዋ ግን ፈጣን ይሁን ዘገምተኛ በመልክ አይታወቅም፤ ያገሯ ልጅ የሆነች ጎረቤትዋ በ2 ኪኒን ብትድን እሷ በዚያው መጠን ልትመረዝ ትችላለች። መጠንን ከፍ ዝቅ ማድረግ የሐኪም ሥራ የሆነው ስለዚህ ነው።

ይኸው ኢንዛይም ስለ ሕመም ማስታገሻም ሊያስጠነቅቀን ይገባል። ኮዴይንና ትራማዶል በሰውነት ውስጥ ወደ በረታ መድኃኒት የሚለወጡት በርሱ ነው፤ ኮዴይን ሞርፊን ይሆናል። ኢንዛይሙ የበዛላት እናት ተቀዳ ስትወልድ ወይም ተሰፍታ ስትታመም ኮዴይን ብትወስድ፣ በወተትዋ የሚያልፈው ነገር የሕፃኑን መተንፈስ ሊያዳክም ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ኮዴይንም ትራማዶልም እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል። ትራማዶል በዚህ ላይ ከሰርትራሊንና ከመሰሎቹ ጋር ሲደራረብ መንቀጥቀጥ፣ ትኵሳትና መቃዠት የሚያመጣ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ በየእጁ የሚዞረው ትራማዶል የመንፈስ ጭንቀት መድኃኒት በምትወስድ አራስ ቤት መግባት የለበትም።

ስለ ጫት ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ከኢትዮጵያ ደጋ በየቀኑ ወደ ጅቡቲ የሚገባው ጫት ለከተማው ሰው ከውሎ ልማዶች አንዱ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል፤ እዚህ የምንናገረው ግን ስለ አራስ ብቻ ነው። የጫት ንጥረ ነገር ወደ ጡት ወተት እንደሚያልፍ፣ ከሚያጠቡ እናቶች ሕፃናት በአንዱም ሽንት እንደ ተገኘ በየመን በተደረገ ምርመራ ከ1987 ጀምሮ ታውቋል። በ2015 ደግሞ ያንኑ ከላይ የተናገርነውን ኢንዛይም ጫት እንደሚያግደው በኢትዮጵያ ፈቃደኞች ላይ ተረጋግጧል። ስለዚህ ጫት በቃመችበት ቀን መድኃኒትዋ በደም ውስጥ ይበረታል፤ ባልቃመችበት ቀን ይወርዳል። ሐኪሙ ይህን ካልተነገረው የመድኃኒቱ መለዋወጥ ምክንያቱ አይገባውም። ጫት መጀመሪያ ያነቃል፤ ማታ ደግሞ እንቅልፍ ይነሣል፤ በማግስቱም ሐሳብና ኀዘን ይጥላል። ይህ ያው የሕመሙ ምልክት ስለ ሆነ የቱ ከሕመሙ፣ የቱ ከቅጠሉ እንደ መጣ ለመለየት ያስቸግራል።

ከጅቡቲ አየር ጋር የሚጣሉ መድኃኒቶችም አሉ። አሚትሪፕቲሊን በርካሽ የሚገኝ፣ በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የሚታዘዝ የቈየ መድኃኒት ነው። አፍ ያደርቃል፤ ሆድ ያደርቃል፤ ላብንም ይቀንሳል። በበጋው ወራት ኻምሲን ሲነፍስና ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ላብ የጐደላት ሴት ሰውነትዋን ለማቀዝቀዝ አትችልም። ከሁሉ የሚከፋው ግን፣ ይህ ኪኒን ብዙ በአንድ ጊዜ ከተዋጠ ልብን አዛብቶ ይገድላል፤ ለታናሽ ልጅ ጥቂቱም ይበቃል። ስለዚህ ሞትን ለምትመኝ እናት የወር መድኃኒት በእጅዋ አይሰጥም፤ የሳምንቱ ብቻ ተቈጥሮ ቤተ ዘመድ ይይዝላታል።

ሊትየም ለሌላ ዓይነት ሕመም፣ ማለት አንድ ጊዜ በጣም ከፍ ሌላ ጊዜ በጣም ዝቅ ለሚል መንፈስ የሚሰጥ ጨው ነው። በደም ውስጥ የሚፈቀደው መጠንና የሚመርዘው መጠን ተቀራራቢ ናቸው። ላብ ሲበዛ፣ ማስታወክና ተቅማጥ ሲመጣ፣ ውሃ ሳይጠጣ ሲዋል፣ እንደ ኢቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻም ሲጨመር መጠኑ ይወጣል። እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ እግር ሲወላገድ፣ ሆድ ሲታወክ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ወደ ወተትም በብዛት ስለሚያልፍ፣ ሊትየም የምትወስድ እናት የምታጠባው የእርስዋም የሕፃኑም ደም እየተመረመረ ካልሆነ አይመከርም። ለዚሁ ሕመም የሚታዘዘው ቫልፕሮኤት፣ በፈረንሳይ አገር ዴፓኪን ተብሎ የታወቀው፣ ከሌላ ወገን ያስፈራል። ጽንስ ባለበት የተወሰደ እንደ ሆነ ከ100 ሕፃናት በ10 ያህሉ የአካል ጉድለት፣ ከ30 እስከ 40 በሚሆኑት ደግሞ የአእምሮ ዕድገት መዘግየት ያስከትላል። አራስም ተመልሳ ልታረግዝ የምትችል ሴት መሆንዋ መረሳት የለበትም።

ወደ ሰፈራችን ሰው ከረጢት እንመለስ። ከዚያ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ዲያዜፓም ነው፤ ቫልየም የሚባለው። እንቅልፍ ይሰጣል፤ የመንፈስ ጭንቀትን ግን አያድንም። በሰውነት ውስጥ ለቀናት የሚቈይ ስለ ሆነ በወተት በኩል በሕፃኑ ይጠራቀማል፤ ሕፃኑም እየፈዘዘ መጥባት ይተዋል። እናቲቱ ከባድ እንቅልፍ ወስዷት ሕፃኑን በአጠገብዋ ብታስተኛ ልትጫነው ትችላለች። በሳምንታት ውስጥም ልማድ ይሆናል፤ ከለመዱት በኋላ በድንገት ቢተዉት የሚጥል ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

ሌላው ችግር የስም ነው። «ቢስ» የሚለው ቃል ላማርኛ ጆሮ ገደ ቢስን፣ መላ ቢስን ያስታውሳል፤ በፈረንሳይኛ ግን ዳግመኛ ማለት ስለ ሆነ ካርቲየ 7 ቢስ ማለት ሁለተኛው ሰባት ማለት ብቻ ነው። የመድኃኒት ስምም እንደዚሁ ከአገር አገር ያሳስታል። ከአዲስ አበባ አሚትሪፕቲሊን ይዛ የመጣች ሴት በጅቡቲ ላሮክሲል የሚል ሣጥን ቢሰጣት ሌላ መድኃኒት መስሏት ሁለቱንም ልትውጥ ትችላለች፤ ሁለቱ ግን አንድ ናቸው። ዞሎፍት ሰርትራሊን ነው፤ ፕሮዛክ ፍሎክሰቲን ነው፤ ዴሮክሳት ፓሮክሰቲን ነው። በሣጥኑ ላይ በትልቁ ከተጻፈው የንግድ ስም በታች በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን የራሱን ስም ማንበብ፣ ማንበብ የማይችልም ለፋርማሲው ሰው ማሳየት ያስፈልጋል።

መድኃኒቱን መጀመርም መተውም የየራሳቸው አደጋ አላቸው። እናቲቱ ከዚህ በፊት ያለ እንቅልፍ ለቀናት ሳትደክም የቈየችበት፣ ገንዘብ የበተነችበት፣ ንግግርዋ የማይያዝበት ወራት እንደ ነበር ሐኪሙ መጠየቅ አለበት። እንዲህ ያለ ታሪክ ካላት የጭንቀት መድኃኒት ለብቻው ሲሰጣት ወደ ዕብደት መሰል ደስታ ሊገፋት ይችላል። ዕድሜዋ ከ25 ዓመት በታች የሆነችም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመግደል ሐሳብ ሊበረታባት ስለሚችል ቅርብ ሰው አይለያት። በእነዚያው ሳምንታት ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ይመጣል፤ የመድኃኒቱ ጥቅም ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሳይቈይ አይታይም። ብዙዎች የሚተዉት በዚህ መካከል ነው፤ ጉዳቱን አይተው ጥቅሙን ሳያዩ። ሌሎች ደግሞ ደኅና በሆኑ በወሩ ይተዉታል። ሕክምናው ከዳኑ በኋላ እንኳ ለወራት፣ እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል፤ የሚተወውም ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። ፓሮክሰቲን በተለይ በድንገት ሲቋረጥ ማዞርና ኤሌክትሪክ የነካው ዓይነት ስሜት ያመጣል። ወደ ጸበል የምትሄድ ወይም ዱዓ የሚደረግላት እናት ኪኒንዋን ይዛ ትሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

በአሜሪካ ለዚሁ የአራስ ሕመም ብቻ የተሠሩ መድኃኒቶች መውጣታቸውን የሰሙ አንባብያን ይኖራሉ። የመጀመሪያው፣ ብሬክሳኖሎን፣ በ2019 ተፈቅዶ በደም ሥር ለ60 ሰዓት የሚንጠባጠብ ነበር፤ ድንገት ራስን ያስት ስለ ነበረ በሆስፒታል ጥበቃ ብቻ ይሰጥ ነበር። ሁለተኛው፣ ዙራኖሎን፣ በ2023 የተፈቀደ ለ14 ቀን የሚዋጥ ኪኒን ነው፤ የወሰደችው ሴት ለ12 ሰዓት መኪና እንዳትነዳ ይከለክላል። ዋጋቸው ከእኛ አቅም የራቀ ስለ ሆነ ዝርዝሩን እንተወዋለን።

ለሰፈሩ ሹማምንትና ለአዋላጆች ጥቂት ቃል አለን። ጭንቀትን ለመለየት በ1987 በኤዲንብራ የተዘጋጀው የ10 ጥያቄ ዝርዝር ባማርኛ ተተርጕሟል፤ በ2010 በታተመ ጥናትም በአዲስ አበባ እናቶች ላይ ተፈትኖ መልካም ሆኖ ተገኝቷል፤ በቡታጅራ ገጠር ግን ያን ያህል አልሠራም። ለከተማ እናቶች የበጀ ስለ ሆነ ለጅቡቲ አማርኛ ተናጋሪዎችም ሊሞከር ይገባዋል። የመጨረሻው ጥያቄ ራስዋን ለመጕዳት አስባ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ሐኪሙ ፈረንሳይኛ፣ እናቲቱ አማርኛ ብቻ የሚያውቁ በሆኑ ጊዜ ይህን ጥያቄ ባል ወይም የባል እናት እንዲያስተረጕሙ ማድረግ መልሱን አስቀድሞ መዝጋት ነው። ምሥጢር የምትጠብቅ ሴት አስተርጓሚ ማግኘት ከብዙ ኪኒን ይበልጣል። የእንቅልፍና የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ያለ ሐኪም ማዘዣ በየሱቁ እንዳይሸጥ መቈጣጠርም የሹማምንቱ ፈንታ ነው። የመኖሪያ ወረቀት የሌላት እናት ሆስፒታል መሄድን ስለምትፈራ ኪኒን የምትገዛው ከዚያው ሱቅ ነው፤ ስለዚህ ሱቁን የሚዘጋ ሹም ወደ ሕክምናው የሚወስደውን በር አስቀድሞ ይክፈትላት።

ወደ ዳር ኤል ሐናን የወሊድ ሆስፒታልም ሆነ ወደ ፔልቲየ ሆስፒታል የሚሄድ ቤተሰብ በቤት ያለውን የመድኃኒት ሣጥን ሁሉ፣ ከአገር የመጣውንም ጭምር፣ በአንድ ከረጢት ይዞ ይሂድ። የሕፃኑን የክብደት ካርድ ይጨምርበት። ጫት፣ የባህል መድኃኒት፣ ጾም ያለ እንደ ሆነ ሳያፍር ይናገር። የተረፈውንም ኪኒን ለጎረቤት አራስ ከመስጠት ይልቅ ወደ ፋርማሲው ይመልስ።